የአጥንት አጣቢዋ አበልጄ

ቡና ቤት ስለ ጋሩፋሊያ የሚወራውን አትመኑ። በረንዳው ላይ ቀኑን ሙሉ ካርታ የሚጫወቱት ሥራ ፈቶች «ድንጋይ ያጠበችው እብድ» ይሏታል። ግማሾቹ ያን ጊዜ ገና አልተወለዱም። የቀሩት ደግሞ የእናታቸውን አጥንት ያጠበችላቸው እሷ መሆኗን ረስተዋል። ሰው ውለታ ለመብላት ጥርስ አያስፈልገውም።

ስሜ ስታቲስ ነው። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ምላሴ ግን ገና አልሰለለም። ጋሩፋሊያ አበልጄ ናት፤ አንድ ልጇን ክሪሱላን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። በኛ ተራራ አበልጅ ከወንድም ይበልጣል። ወንድም እናትህ የሰጠችህ ነው፤ አበልጅን ግን አንተው ራስህ በእግዜር ፊት መርጠህ ያዝከው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሬን ሰምታችሁ ስትጨርሱ የት እንደምታስቀምጡኝ እንዳትቸገሩ ነው።

ሥራዋ አጥንት ማጠብ ነበር። የመንደራችን የስፒሊያ መቃብር ቦታ ከአንድ አውድማ አይሰፋም፤ ሙት ለዘላለም አይተኛበትም። አምስት ዓመት ሲሞላው ይከፈታል፣ አጥንቱ ወጥቶ በቀይ ወይን ይታጠባል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያ ስሙ በተጻፈበት ሳጥን ገብቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ይደረደራል። እርም የሚወጣው ያን ቀን ነው። ያልታጠበ ሙት ያለበት ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ አይሳቅም፣ ሠርግም አይደገስም።

ሌላው ሰው የአባቱ ራስ ቅል ብቅ ሲል ፊቱን ያዞራል። ጋሩፋሊያ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ በሁለት እጇ ታነሳውና «እንኳን ደህና መጣህ» ትለዋለች፣ ከመንገድ እንደገባ እንግዳ። ዓይኑ የነበረበትን አፈር በጣቷ ታወጣለች። ጥርሱን አንድ በአንድ ትጠርጋለች። ባሏ በረሃቡ ዓመት ሞቶ፣ አምስት ዓመት ጠብቃ እሱንም ያጠበችው ራሷ ናት። አንድ ቀን «ሙት አትፈሪም ወይ?» ብላት «እኔ የምፈራው የሚተነፍሱትን ነው» አለችኝ።

ክሪሱላ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ወንድም በወንድሙ ላይ የተኮሰበት ጊዜ ነው። ተራራ የወጡትን መንግሥት ሽፍታ ይላቸዋል፣ እነሱ ራሳቸውን ታጋይ ይላሉ። እኛ መሃል ያለነው ደግሞ ቀን ለአንዱ፣ ማታ ለሌላው ዳቦ እንሰጣለን። ልጅቷ ማታ የሚመጡትን ማዳመጥ አበዛች። እናቷ ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ምንጩ ዳር ሴቶቹ ሁሉ እያዩ በጥፊ መታቻት። ክሪሱላ አላለቀሰችም። እንስራዋን አስቀመጠች፣ ጸጉሯን አስተካከለች፣ በሦስተኛው ቀን ተራራ ወጣች።

ይኸው ነው። አስገድደው ወሰዷት የሚሉ አሉ፤ ለእናቷ አዝነው ነው። እኔ የክርስትና አባቷ ነኝና አውቃታለሁ፣ ማንም አስገድዶ የትም አይወስዳትም።

በጥር ወር ጦሩ ተራራውን አሰሰ። ሦስት ቀን ተኩስ ሰማን። በሦስተኛው ቀን ተኩሱ ከመንደሩ በላይ ካለው ከቅድስት ኪርያኪ ጉብታ ነበር፤ አናቱ ላይ የፈረሰች ቤተ ክርስቲያን አለች። ከዚያ ዝም አለ። ማን ሞተ፣ የት ተቀበረ፣ የነገረን የለም። የጠየቀ ሰው ይጠየቃል፤ ስለዚህ አልጠየቅንም። ጉብታውንም ሰው ራቀው፣ ፍየል እንኳ የሚያሰማራበት ጠፋ።

ጋሩፋሊያ ድሮም ለባሏ ጥቁር ለብሳ ነበር፤ በጥቁር ላይ ምን ጥቁር ይደረባል? ሥራዋን ቀጠለች። አንድ ቀን የእናቴን አጥንት አጥባ ስትጨርስ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች «አበልጄ፣ የመንደሩ ሁሉ እርም በኔ እጅ ወጣ፤ የኔ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ የእናቴን ሳጥን አነሳሁ።

ልጅቷ ከሄደች በስምንተኛው ዓመት በጋ ላይ ፕሮፌሰሩ መጣ። ክሪዛንቲስ ይባላል፤ ቀጭን፣ ኮፍያው ከትከሻው የሰፋ፣ ለፍየል እንኳ ይቅርታ ብሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። ከፈረሰችው ቤተ ክርስቲያን ሥር የጥንት ቤተ መቅደስ አለ ብሎ ጉብታውን ሊቆፍር ነው። አሥራ ሁለት ወንድ ለአካፋ፣ አራት ሴት ለወንፊት ቀጠረ። ከሴቶቹ መጀመሪያ የተመዘገበችው ጋሩፋሊያ ናት። ሰው ለደመወዙ መሰለው። እኔ ግን ገብቶኛል። የጉብታው አፈር ሁሉ በወንፊት ሊያልፍ ነዋ። ሌሎቹ ሸክላ ሲፈልጉ እሷ የምትፈልገው ጥርስ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። እኔ እቆፍራለሁ፣ በቅርጫት ይወጣል፣ እሷ ትነፋለች። ማታ ስንወርድ ከኋላዬ ሆና «ምንም» ትላለች። «ነገም ቀን ነው» እላታለሁ።

ከፍልሰታ በዓል ማግስት ሐውልቷን አገኘናት። ያገኘኋት እኔ ነኝ ብል መኩራራት ነው፤ አካፋዬ ነው የነካት። በግንባሯ ተደፍታለች። አምስት ሆነን በገመድ ስናገላብጣት ልክ የሰው ልጅ ታክላለች፣ እንዲያውም የአንድ ቆንጆ ኮረዳ ቁመት። አፍንጫዋ ጫፉ ተሰብሯል። አፏ ትንሽ ከፈት ያለ ነው፣ በአፈር ተሞልቷል። ፕሮፌሰሩ ተንበርክኮ በቀጭን ብሩሽ ጸጉሯን ነካ ነካ ሲያደርግ ቀይ ቀለም ብቅ አለ። የቀሚሷ ጠርዝ ሰማያዊ ነው። ሰውየው አለቀሰ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት አፈር ውስጥ ቀለሟ አልለቀቀም፣ እንዲህ ያለች በእጅ ጣት አትቆጠርም አለን። ቀለሙን የሚያጣብቅ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ሰኞ ከአቴና ይመጣል፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካት፣ ውሃ እንኳ ጠብ እንዳይልባት። ከላይ ዳስ ሠራንላት። ጠባቂ አድርጎ የሾመው እኔን ነው።

በምሳ ሰዓት ጉብታው ዳር ባለው ዋርካ ጥላ ሥር ወይራና አይብ ይዘን ተቀምጠን ማን እንደሆነች ነገረን። እናትየዋ የእህል አምላክ ነበረች፣ ዴሜትራ። አንድ ልጇ አበባ ስትለቅም መሬት ተከፈተና የሙታን ንጉሥ ከነሕይወቷ ወሰዳት። እናት ችቦ ይዛ አገር አዳረሰች። ያየ አልተናገረም፤ ሁሉም የሙታኑን ንጉሥ ፈራ። ስታጣት ጥቁር ለብሳ ዋሻ ገብታ ተደበቀች፣ ያውም በኛው ተራራ። እህል መብቀል አቆመ፤ ሰው በረሃብ አለቀ። አያቶቻችን ፊቷን አጥቁረው የእንጨት ምስል ቀርጸውላት እንደነበር ይወራል። ይቺ ከአፈር የወጣችው ግን እናትየዋ አይደለችም፤ ልጅቷ ናት።

የኛ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ቀለዱ። አንዱ አማቱን ከነሕይወቷ የሚወስድለት ንጉሥ አድራሻ ጠየቀ። ጋሩፋሊያ አልሳቀችም። ዳቦዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «በመጨረሻ ተገኘች?» አለችው።

«ተገኘች፣ ወይዘሮ ጋሩፋሊያ። ግማሹን ዓመት ከናቷ ጋር፣ ግማሹን ከመሬት በታች ትኖራለች።»

«እሷ ራሷ ናት የተገኘችው ወይስ አጥንቷ?»

ፕሮፌሰሩ የተማረ ሰው ነው፣ ይሄን ግን አላነበበውም።

እሁድ ጠዋት የቅዳሴ ደወል ሲደወል ጋሩፋሊያ ጉብታውን ወጣች። በአንድ እጇ የወይን ማሰሮ፣ ብብቷ ሥር ነጭ ጨርቅ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የመጣችበትን እያወቅሁ «ምን ልትሠሪ ነው?» አልኳት።

«አፏ ውስጥ አፈር አለ። እስከ ሰኞ እንዲሁ ትቆይ?»

«ሰውየው ውሃ እንኳ አትንኳት ብሏል።»

«ውሃ አይደለም፣ ወይን ነው። ስታቲስ፣ ልጅ ናት። ከመሬት ወጥታ የሚያጥባት ጠፋ?»

አያችሁ፣ የከተማ ሰው ይሄን አይረዳውም። ለፕሮፌሰሩ ድንጋይና ቀለም ናት። ለኛ ከአፈር የወጣ፣ የሰው መልክ ያለው ነገር ሳይታጠብ ማደሩ ነውር ነው። እናቴ ትዝ አለችኝ። ክሪሱላም ትዝ አለችኝ። ከለከልኳት? ማሰሮውን ራሴ ያዝኩላት።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻት። አፏን በጣቷ ጠረገች። ዓይኗን፣ ጆሮዋን፣ ከዚያ ጸጉሯን፣ ዘለላውን አንድ በአንድ። ጨርቁ ቀላ፤ ወይኑ ነው አልን። ቀሚሱ ጋ ስትደርስ ጨርቁ ጠቆር አለ፤ አፈሩ ነው አልን። ስትጨርስ ሐውልቷ ፀሐይ ላይ ነጭ ሆና አበራች፣ ሁለታችንም ደስ አለን። እውነቴን ነው፣ ደስ አለን። ከስምንት ዓመት ወዲህ ጋሩፋሊያ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰኞ ፕሮፌሰሩ ከመድኃኒት አዋቂው ጋር መጣና ዳሱን ገለጠ። አልጮኸም። ሜዳ ላይ ቁጭ አለ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ማን እንዳጠባት ጠየቀ።

ጋሩፋሊያ ወንፊቷን አስቀምጣ ወደ ፊት መጣች። «እኔ ነኝ። ስታቲስ ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ አላየም» አለች።

እኔም ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ አልኩ። ሁሉም አመነ። ሰውየው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት የቆየውን በአንድ ጠዋት እንዳጠፋች ነገራት። እሷ ስለ ቀለሙ አዘነች፣ ስለ ማጠቧ ግን አልተጸጸተችም፤ ይሄ ነው ያናደደው። ከሥራ አሰናበታት። አላለቀሰችም፣ የለመነችው ወንፊቱን እንዳይነጥቃት ብቻ ነው። ያለ ደመወዝ ልንፋ አለችው። እንቢ አለ። ስትወርድ እኔ አካፋዬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ በአጠገቤ ስታልፍ ቀስ ብላ «አንተ አለህልኝ» አለችኝ። ካሁን በኋላ ዓይኗ እኔ ነኝ ማለቷ ነው።

አርብ ዕለት፣ ገና በአራተኛው ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽ ግድግዳ ሥር ስቆፍር አካፋዬ ጨርቅ ያዘ። የበሰበሰ ካፖርት። የወታደር ልብስ ቁልፍ። ከዚያ የጎድን አጥንት። ሌሎቹ ዋርካው ሥር ጋደም ብለዋል። በጉልበቴ ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ ስጠርግ አንገቱ ላይ ትንሽ የብር መስቀል አገኘሁ። ገለበጥኩት። ከጀርባው የተቀረጸ ስምና ቀን አለ። ቀራጩን አውቀዋለሁ፤ የአውራጃችን ከተማ ትሪፖሊ ሄጄ፣ አንድ ጠቦት ሸጬ፣ ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ። ክሪሱላን ክርስትና ሳነሳት ጊዜ ነው።

መስቀሉን ኪሴ ከተትኩት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እጄ ቀደመኝ። ቀና ስል ፕሮፌሰሩ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። ቁልፉንና ካፖርቱን አየ። ወረቀት መስሎ ነጣ።

«ይሄ የጥንት አይደለም» አለ። ወደ ዋርካው አየት አደረገ። «ፖሊስ ከሰማ ጉብታው ይዘጋል። እኔም አንተም እንጠየቃለን። ሸፍነው፣ ስታቲስ። ጊዜው ሲያልፍ እኔ ራሴ እናገራለሁ።»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሦስተኛው ዓመት አቴና ሞተ እንጂ ምናልባት ይናገር ነበር። እሱን ተዉት። እኔስ? ልጄ ሚትሶስ መርከበኛ ሊሆን ፈቃድ እየጠበቀ ነው። ያን ጊዜ ፈቃድ የሚሰጠው ቤተሰቡ ከሽፍታ ጋር ንክኪ የለውም የሚል ወረቀት ከፖሊስ ጣቢያ ሲመጣ ነው። «ይቺ የክርስትና ልጄ ናት» ብል ያ ወረቀት ቀረ ማለት ነው። ሚትሶስ ዕድሜ ልኩን ከፍየል ኋላ ይሄዳል። ይሄን ሁሉ አካፋዬ አንዴ አፈር እስኪዝቅ ድረስ አሰብኩት። ከዚያ ሸፈንኳት። ፊቷ ላይ መጀመሪያ የአንገቴን ጨርቅ አደረግሁ፣ ከዚያ አፈሩን።

ጋሩፋሊያ ያን ቀን ጉብታው ላይ ብትኖር ኖሮ ያ አፈር ወደ ወንፊቷ ይመጣ ነበር። እኔን ባታድን ኖሮ ትኖር ነበር።

ማታ ስወርድ በሯ ላይ ቆማለች። «ዛሬስ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። በነጋታውም ጠየቀችኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም። መስከረም ላይ ቁፋሮው ሲያበቃ «ጉብታውን ጨረሱት?» አለችኝ። ጨረሱት አልኳት። «ሁሉንም? እስከ ድንጋዩ?» እስከ ድንጋዩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፣ እኔ ምስክር ነኝ፤ የሚነቅዘው ከውስጥ ነው።

ከዚያ የመጣውን ግን አልጠበቅሁትም። በዓመቱ ከላይኛው መንደር ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት አንድ ልጅ ከታሽኬንት ደብዳቤ ጻፈ። ተራራ ከወጡት ብዙዎቹ በድንበር አምልጠው እዚያ ሩሲያዎቹ ጋ ገብተው ኖሯል። ጋሩፋሊያ ደብዳቤውን ሄዳ በጆሮዋ ሰማች። ስትመለስ እኔ ቤት ገባች፣ ቁጭ አላለችም። ጉብታውን እስከ ድንጋዩ ቆፍራችሁ ካላገኛችኋት መሬት ውስጥ የለችም አለች። መሬት ውስጥ ከሌለች በሕይወት አለች። አስቡት፤ የኔን ውሸት ወስዳ ተስፋ ሠራችበት።

በሚቀጥለው እሁድ ጥቁሯን አውልቃ በሰማያዊ ሻሽ ቤተ ክርስቲያን ገባች። አሥራ ስድስት ዓመት ጥቁር የለበሰች ሴት! ሰው ሁሉ ዞረ። ቄሱ የሚያነበው መስመር ጠፋው። ቄሱ በጸሎት ከሚጠራው ከሙታን ወረቀት ላይ ክሪሱላን አውጥታ ሕያዋን ውስጥ አጻፈቻት። ቤቷን ኖራ ቀባች። በቀይ መስቀል በኩል ደብዳቤ ላከች፤ በዚህ ስም ሰው የለም የሚል መልስ መጣ። አግብታ ስሟን ቀይራ ነው አለች። ሌላ ላከች።

በዚያው ዓመት ሚትሶስ ወረቀቱን አግኝቶ ከፒሬዎስ ወደብ ተሳፈረ። እሱን ሸኝቼ ስመለስ አቴና ሙዚየም ገባሁ፣ ሐውልቷን ለማየት። ነጭ ሆና ቆማለች። ሥሯ ባለው ጽሑፍ ላይ ስትገኝ የነበራት ቀለም ጠፍቷል ይላል፣ ማን እንዳጠፋው አይልም። ፊቷን ማየት አቃተኝ። ልጄ ተሳፍሯል፤ ከእንግዲህ ምን ያስፈራኛል? ነገ ሄጄ እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ። ሄድኩም። ጋሩፋሊያ ለክሪሱላ አልጋ አንሶላ ጥልፍ እየጠለፈች አገኘኋት፤ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ መረቀችኝ። እንዴት ልንገራት? ደስ ብሏታል እኮ። ተመልሼ ወጣሁ።

አንዳንድ ውሸት ሲውል ሲያድር ደግነት ይመስላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ራሴን አስተኛሁ። ግን ዓመት ዓመትን ተካ። የላይኛው መንደር ልጅ ፎቶ ላከ፣ ሚስት፣ ልጆች። ሌሎችም ጻፉ፤ አንዲቷ እንዲያውም ተፈቅዶላት ተመልሳ መጣች። ለጋሩፋሊያ ግን ምንም የለም። ያ ጥፊ ትዝ ይላት ጀመር። «አበልጄ፣ አንድ ጥፊ ይሄን ያህል ቂም ያስይዛል?» ትለኛለች። መስቀሉ ኪሴ ውስጥ ነው። «አያስይዝም» እላታለሁ። «ታዲያ ለምን አትጽፍም?»

እዚህ ላይ ብናገር ምን ነበረበት? ዘግይቷል ብዬ ፈራሁ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ይበልጥ ዘገየ።

ተስፋዋ ኮመጠጠ። መጀመሪያ አዘነች፣ ከዚያ ተቆጣች። የሞቱትን ማጠብ ተወች፤ በሕይወት ያለችው ሰምታኝ ካልመጣች ሙታኑ ምን ያደርጉልኛል አለች። በዓቢይ ጾም መግቢያ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አምስት፣ ምንጩ ዳር ሴቶቹ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ ጋሩፋሊያ ልብሷን እያጠበች «እኔ ልጅ የለኝም። የነበረችኝ ልበ ደንዳና ናት፣ እናቷን በቁሟ ቀበረች። ስሟን አታንሱብኝ» አለች። ቄሱ ዘንድም ሄዳ ክሪሱላን ከሕያዋኑም ወረቀት አሰረዘቻት። ይሄን የነገረችኝ ሚስቴ ናት፣ ሽንኩርት እየላጠች። ተነሥቼ ወጣሁ።

ጋሩፋሊያ ምድጃው ጋ ነበረች። መስቀሉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አላነሳችውም። በጣቷ ብቻ ገለበጠችው። «የት?» አለች።

ነገርኳት። ካፖርቱን፣ ግድግዳውን፣ ፕሮፌሰሩን፣ የሚትሶስን ወረቀት። ሁሉንም ተናገርኩ። መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እሷ ከተሰናበተች በአራተኛው ቀን አልኳት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሙት ወቃሽ አደረግኸኝ» አለች።

ማሰሮዋን ሞላች፣ ከሣጥኑ ነጭ ጨርቅ አወጣች፣ ያም ጨርቅ ለአልጋው የጠለፈችው አንሶላ ነው። እኔ አካፋ ይዤ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነን ጉብታውን ወጣን። ቦታውን መፈለግ አላስፈለገኝም። አፈሩ ልል ነበር። ጨርቄን መጀመሪያ አገኘሁት። «ውጣ» አለችኝ፣ ወጣሁ። ማሰሮውን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ፤ ወደ ራሷ ሳበችው።

ብዙ ሰዓት ፈጀባት። ለሌላው ሁሉ የምትለውን አላለችም። ራስ ቅሏን እቅፏ ላይ አድርጋ አንዴ አጠበች፣ ደግማ አጠበች፣ ንጹሕ ከሆነም በኋላ ታጥበው ነበር። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜያለሁ። መጨረሻ ላይ ስታናግራት ሰማሁ፤ ድምፅዋ እንደ ማንኛውም ቀን ነበር።

«ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ። ሳላውቅ ነው የተቀየምኩሽ።»

ከዚያ ፊቷን ወደኔ አዞረች።

«አንተን ግን አውቄ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ጥቁሯን መልሳ ለበሰች፣ የመንደሩንም ሙታን ማጠብ ጀመረች፤ የሚስቴን አጥንት እንኳ አጠበችልኝ፣ ምንም ሳታጓድል፣ ምንም ሳትናገረኝ። በትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሻማዬን ይዤ ሄጄ «ክርስቶስ ተነሥቷል» እላታለሁ። «እውነት ተነሥቷል» ትለኛለች፣ ይህን ለጠላትም መመለስ ግዴታ ነው። ከዚያ ሻማዋን በእጇ ጋርዳ ወደ ቤቷ ትወርዳለች።